የሴት ብቻ ወይስ ከወንዶች ጋር? ልጅ የት እናስገባ ለምትሉ የደሴና የኮምቦልቻ ወላጆች

ነገሩ የተነሳው ባለፈው ሰኔ ቡና ላይ ነው። ልጄ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈትና ውጤት እየጠበቀች ነበር። አማቴ ገና አቦሉ ሳይጠጣ "ይቺን ልጅ እንግዲህ ወንድ የሌለበት አስገቧት" አሉ። ጎረቤቴ ደግሞ "ኧረ አብሽሩ እማማ፣ የኔዎቹ አራቱም ከወንድ ጋር ነው የተማሩት፣ ምን ሆኑ?" አለች። ባሌ ኮምቦልቻ ነው የሚሠራው። ጠዋት ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ማታ የሚወጣ ሰው ለክርክር ጉልበት የለውም፤ "እስኪ እዩት" ብሎ ስኒውን ተቀበለ። ልጅቷን የጠየቃት የለም። ፈንዲሻ እያዞረች ነበር።

ክረምቱን ሙሉ ስጠይቅና ስዞር ከረምኩ። ዘንድሮ እንደኔ የጨነቃችሁ ካላችሁ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። አስተማሪ አይደለሁም፣ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። የአንድ ሴት ልጅና የአንድ ወንድ ልጅ እናት ነኝ፤ ወንዱ 5ኛ ክፍል ነው፣ ስለሱም እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ፣ እውነት ምርጫው አለን?

ሰው "የሴት ብቻ ይሻላል ወይስ ቅይጥ" ብሎ ሲከራከር ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ፒያሳ ላይ ፊት ለፊት የተሠሩ ይመስላል። እንደዚያ አይደለም። እኛ ጋ የመንግሥት ትምህርት ቤት ወንድና ሴት አብሮ የሚማርበት ነው። ሆጤ በሉ፣ መምህር አካለወልድ በሉ፣ ያው ነው። የግሎቹም ባብዛኛው እንደዚያው። የሴት ብቻ የፈለገ ሰው ዓይኑን የሚጥለው ወደ አዲስ አበባ ነው፤ ናዝሬት ስኩልን የመሰሉ ስማቸው የታወቀ የሴቶች ትምህርት ቤቶች ያሉት እዚያ ነው። ስለዚህ የኛ ጥያቄ ሲገለጥ እንዲህ ይሆናል፦ ልጄ ቤቷ እያደረች ከወንዶች ጋር ትማር፣ ወይስ 400 ኪሎ ሜትር ርቃ ዘመድ ቤት ወይም አዳሪ ሆና ከሴቶች ጋር ብቻ ትማር? ይሄ ሌላ ጥያቄ ነው። ብዙ ቤት የሚጣላው ይሄንን ሳይለይ ይመስለኛል። አማቴ "ወንድ የሌለበት" ሲሉ በዓይናቸው የሚታያቸው አጥሩ ነው። ልጅቷ ማታ የት እንደምታድር አላሰቡትም።

መሀለኛ መንገድም አለ። አንድ ግቢ ሆኖ ሴቶቹ ለብቻ ክፍል፣ ወይም አንድ ክፍል ሆኖ ሴቶቹ በአንድ ረድፍ ወንዶቹ በሌላ የሚቀመጡበት። ደሴ ላይ ቁርአን ቤት ያስቀራ ወላጅ ይሄ አይገርመውም፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገም ቢሆን ሴቱ በዚህ ወንዱ በዚያ መቀመጡን ያውቀዋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1931 የሴቶች ትምህርት ቤት ያስከፈቱት እቴጌ መነን ናቸው። የእቴጌ መነን እናት ደግሞ የኛው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስህን ናቸው። የእናትየው ስም ደሴ ላይ ወንዱንም ሴቱንም ያስተማረ ትምህርት ቤት ስም ሆነ፣ የልጅየዋ ስም አዲስ አበባ ላይ የሴቶች ትምህርት ቤት ስም ሆነ። የኛ ክርክር በአንድ ቤተሰብ ስም ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ይህን ለአማቴ ስነግራቸው "እና ልጅየዋ ትበልጣለች፣ እቴጌ ናት" ብለው ዘጉኝ።

ጥናት አገላብጣችኋል ወይ ለምትሉ

አገላብጫለሁ። የወንድሜ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ አብረን ነው ያነበብነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ትልቅ ሥራ ከ21 አገሮች 184 ጥናቶችን ሰብስቦ አይቷል፤ ተማሪዎቹ ወደ 1.6 ሚሊዮን ይሆናሉ። ያገኘው ምንድነው? በደንብ የተሠሩትን ጥናቶች ብቻ ለይተህ ስታይ ለየብቻ መማርና አብሮ መማር በውጤት ላይ የሚያመጣው ልዩነት ኢምንት ነው። ለየብቻ የሚማሩት ጎበዝ የሚመስሉት ብዙ ጊዜ ቀድሞውኑ ተመርጠው ስለሚገቡ፣ የወላጅ ኪስም ከፍ ያለ ስለሆነ ነው። ይሄ ለኛ በጣም ይጠቅማል። ከአዲስ አበባ የሴቶች ትምህርት ቤት በሀገር አቀፍ ፈተና ሁሉም አለፉ ሲባል ስትሰሙ መግቢያ ፈተናውንም አስቡት። ጎበዞቹን ለቅሞ የወሰደ ትምህርት ቤት ጎበዝ ቢያስመርቅ ምን ይገርማል።

በሌላ በኩል ደግሞ ሴኡል ከተማ ጥናቱ ሲሠራ ተማሪ ትምህርት ቤት የሚደርሰው በዕጣ ስለነበር የተሻለ ማወዳደሪያ ነው፤ እዚያ ለየብቻ የተማሩት ወንዶችም ሴቶችም በፈተና ትንሽ በልጠው ታይተዋል። ስለዚህ ነገሩ ጨርሶ ባዶ አይደለም።

እኔን ቁጭ ያደረገኝ ግን የትሪኒዳድና ቶቤጎው ነው። እዚያ አብዛኛው ተማሪ በሴት ብቻ ወይም በወንድ ብቻ ትምህርት ቤት ስለገባ የተለየ ነገር አላገኘም። የተጠቀሙት የሴት ብቻ ትምህርት ቤትን አጥብቀው የመረጡ ሴቶች ናቸው። በዚያ ላይ የሴት ብቻ ትምህርት ቤት የገቡ ሴቶች የሳይንስ ትምህርት የመውሰዳቸው ነገር ቀነስ ብሎ ተገኘ። ይህን ያነበብኩ ቀን ነው ፈንዲሻ ስታዞር የነበረችው ልጅ ትዝ ያለችኝ። ሁላችን ስንከራከር አንዳችንም አልጠየቅናትም።

ዕድሜው ይለያያል

ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ላለ ልጅ በዚህ ጉዳይ እንቅልፍ አትጡ። ሰፈር ውስጥ አብረው አፈር ሲያቦኩ የዋሉ ልጆች ክፍል ሲገቡ ምን ይለያቸዋል? ገንዘባችሁንና ሐሳባችሁን ማንበብ በደንብ የሚያስተምር መምህር ፍለጋ ላይ አውሉት።

ጥያቄው የሚመጣው ከ5ኛ፣ 6ኛ ክፍል ጀምሮ ነው። ሴቶቹ ቀድመው ይለወጣሉ። የወር አበባ ይመጣል። አሁን ደግሞ እኛ ጋ የተለየ ነገር አለ። ኮሮና መጣ፣ ቀጥሎ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፣ ትምህርት ተቋረጠ፣ ገጠሩማ የባሰ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ 8ኛ ክፍል ውስጥ የ13 ዓመት ልጅና ጢሙን የሚላጭ ጎረምሳ አብረው ይቀመጣሉ። አንዳንድ ወላጅ "ወንድ ወንድ" የሚለው የእኩዮቿን ወንዶች ፈርቶ አይደለም፣ እነዚህን ነው። ስለዚህ ስትመርጡ በአንድ ክፍል ያሉት ልጆች ዕድሜ ምን ያህል ይራራቃል ብላችሁ ጠይቁ። ከወንድና ሴት መቀላቀሉ በላይ ይሄ የሚያሳስብ ጊዜ አለ።

ከሁሉም በፊት ሽንት ቤቱን እዩ

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ልጄ 7ኛ ክፍል እያለች ከትምህርት ቤት ስትመጣ መጀመሪያ የምትሮጠው ሽንት ቤት ነበር። ቀጥላ ውሃ በላይ በላዩ ትጠጣለች። ጠዋት የምይዝላት የውሃ ኮዳ እንደሞላ ይመለሳል። መጀመሪያ የደሴ ብርድ ውሃ አያስጠማም ብዬ ነበር። ኋላ ስትነግረኝ ቀኑን ሙሉ የማትጠጣው ሽንት ቤት ላለመሄድ ነው። የሴቶቹና የወንዶቹ ጀርባ ለጀርባ ነው፣ በሩ ከውስጥ አይቆለፍም፣ አንዷ ስትገባ ሌላዋ በር ትይዝላታለች፣ ወንዶቹ ደግሞ በሩን ገፍተው መሮጥ ጨዋታ አድርገውታል። በወር አንዴ ሦስት ቀን እየቀረች "ሆዴን አመመኝ" ስትለኝ የነበረውም ለዚሁ ነው። ሦስት ቀን በየወሩ። አስሉት፣ በዓመት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚሆን።

ትምህርት ቤቱን አልጠራም፣ ሄጄ ተናግሬያለሁ። ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ "በጀት" አለኝ። እኛ ወላጆች አዋጥተን አራት መቀርቀሪያ ገዛን። አራት መቀርቀሪያ! ልጄ ከዚያ በኋላ ኮዳዋን ባዶ ይዛ መምጣት ጀመረች።

ይሄን የምነግራችሁ ለምንድነው? ያኔ አንድ ሰው "የሴት ብቻ ትምህርት ቤት ይሻላታል ወይ?" ቢለኝ አዎ ብዬ እምል ነበር። ችግሩ ግን መቀርቀሪያ ነበር። በሴት ብቻ ትምህርት ቤትም ውሃ ከሌለ፣ ያገለገለ ሞዴስ የሚጣልበት ቅርጫት ከሌለ፣ ልጅቷ ያው ትቀራለች። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ትምህርት ቤቱ ታንከር አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

መንገዱና ማደሪያው

ለከፋ የሚባለው ነገር ብዙውን ጊዜ ግቢ ውስጥ አይደለም፣ መንገድ ላይ ነው። ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ፒያሳ ድረስ በእግሯ የምትሄድ ልጅ ክፍሏ ውስጥ ወንድ ባይኖርም መንገዱ ላይ ሞልቷል። እንዲያውም የሴቶች ትምህርት ቤት በር ላይ በመውጫ ሰዓት የሚኮለኮለው ጎረምሳ ከየት እንደሚፈላ እንጃ። ስለዚህ ሁለቱን ስታወዳድሩ የመውጫ ሰዓቱን፣ የከሰዓት ፈረቃ ከሆነ ደግሞ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚጨልም አብራችሁ ቁጠሩ። የኮምቦልቻ ወላጆች ልጅ በየቀኑ ደሴ ልታመላልሱ የምታስቡ ካላችሁ ሐረጎን በጉም አስቡት። ልጅ ከመኪና ስትወርድ ደክሟት የምታነበው ነገር ገጽ እንኳ አይሞላም።

ከኩታበር፣ ከተንታና ከሌላውም ገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩትን ሴቶች ደግሞ አንርሳ። ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፣ ስንቅ በወር አንዴ ይመጣላቸዋል። ጎረቤቴ ግቢ አሉ። ለእነዚህ ልጆች ትምህርት ቤቱ የሴት ብቻ ቢሆን ባይሆን ምንም አይለውጥላቸውም። የሚለውጥላቸው ማታ የሚቆለፍ ቤትና የሚያያቸው ሰው ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ለሴት ልጆች አንድ ነገር ልሥራ ካለ፣ የሴቶች ትምህርት ቤት ከመገንባቱ በፊት የሴቶች ማደሪያ ቢሠራ ባይ ነኝ። ልጅ ወደ ሀገር ቤት ጠርቶ ለመዳርም ሰበብ ያሳጣል።

ለሴት ብቻው የሚመሰከረው

አንድ ነገር እውነት ነው፣ አይቼዋለሁ። የልጄ ክፍል ውስጥ 1 ለ 5 ሲደራጁ ጸሐፊ ሁልጊዜ ሴት ናት፣ ተነስቶ የሚያቀርበው ሁልጊዜ ወንድ ነው። ጽሕፈቷ ያምራል ተብሎ። መልሱን ያገኘችው እሷ ሆና እንኳ። የሴት ብቻ ቦታ ላይ ግን የሚያቀርብ ሌላ የለም። ላብራቶሪ የሚገባ፣ ኳስ የሚጫወት፣ አለቃ የሚሆን፣ የሚሳሳት፣ ሁሉም ሴት ነው።

የባሌ እህት አዲስ አበባ ከሴቶች ጋር ብቻ ነው የተማረችው፣ አዳሪ ሆና። ዛሬ ፋርማሲስት ናት። "እዚያ ወንበር የምንሸከመውም አምፖል የምንቀይረውም እኛ ነበርን፣ እጄን ለማውጣት አፍሬ አላውቅም" ትላለች። ወዲያው ደግሞ "ዩኒቨርሲቲ ስገባ ግን የመጀመሪያውን ሴሚስተር ዝም አልኩ" አለችኝ። ከወንድ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ስለማታውቅ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ወንዶቹ ዕቃውን ሲወስዱ ቆማ ታይ ነበር። ያለፈላት በ2ኛው ሴሚስተር ነው። የኔ ልጅ ዘጠኝ ዓመት በየቀኑ የተጋፈጠችውን እሷ በ18 ዓመቷ ጀመረችው። የቱ ይሻላል? እውነቱን ለመናገር የልጅ ጠባይ ነው የሚወስነው። ዓይን አፋር ሆና ወንድ ባለበት አፏ የሚያያዝ ልጅ ካለቻችሁ ጥቂት ዓመት ከሴቶች ጋር መሆኑ ልቧን ሊከፍተው ይችላል። ከወንድሞቿ ጋር እየታገለች ያደገች ልጅ ግን ምኑን ትፈልገዋለች?

መሀለኛውን መንገድ፣ አንድ ክፍል ውስጥ በረድፍ መለየቱን፣ ብዙ አልወደድኩትም። ወላጅን ያስደስታል። መምህሩ ግን ፊቱን ወደ ወንዶቹ ረድፍ አዙሮ ሲያስተምር የማየት ዕድል ስላጋጠመኝ ነው። ለየብቻ ክፍል ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አጣሩ፦ የሒሳብና የፊዚክሱ ጎበዝ መምህር ሁለቱም ክፍል ይገባል ወይስ ለወንዶቹ ብቻ ነው? ሃይማኖታችሁ የሚያዝዛችሁ ከሆነ በዚህ አልከራከራችሁም፣ የቤታችሁ ጉዳይ ነው፤ ግን መምህሩን ጠይቁ።

ወንድ ልጅስ?

ይሄ ሁሉ ወሬ ሲወራ ወንዱን የሚያነሳው የለም። የወንድ ብቻ ትምህርት ቤትም አለ እኮ፤ አዲስ አበባ የሚገኘው ቅዱስ ዮሴፍ ለረጅም ዘመን በዚህ ይታወቅ ነበር፣ ስመ ጥርም ነው። ነገር ግን ወንድ ለወንድ ሲሆን ስጋት አይኖርም ብሎ የሚያስብ ወላጅ ወንድ ልጆችን አያውቅም። ትልቁ ትንሹን ይደበድባል፣ ምሳውን ይቀማል። አዳሪ ከሆነ ደግሞ ከዚህ የባሰም ሊደርስበት ይችላል፣ ወንድ ስለሆነ ደግሞ አይናገርም። ማታ መኝታ ቤቱን ማን እንደሚጠብቅ የሴቷን ያህል የወንዱንም ጠይቁ።

የኔው ልጅ ንባብ ይከብደዋል። አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ናት እየገፋች የምታስነብበው። የወንድ ብቻ ቢሆን ማን ያስነብበው ነበር ብዬ አስባለሁ። የሷ እናት ደግሞ "ልጄ ያንቺን ልጅ እያስጠናች የራሷን ጊዜ ጨረሰች" ልትል ትችላለች፣ እውነቷን ነው።

ስትሄዱ የምትጠይቁት

ለምዝገባ ስትሄዱ ቢሮ ቁጭ ብላችሁ የተሰቀለውን ሠርተፍኬት አትቁጠሩ። በዕረፍት ሰዓት ሂዱ። ሴቶቹ የት ነው ያሉት? ሜዳው ላይ ወንዶቹ ብቻ ከሆኑና ሴቶቹ ግድግዳ ጥግ ከተሰበሰቡ ይታያችኋል። ክፍል ማን ነው የሚጠርገው በሉ፤ እኔ አራት ቦታ ጠይቄ ሁለቱ ላይ "ሴቶቹ" ብለውኛል፣ ሳያፍሩ። ልጅ አቤቱታ ቢኖራት ለማን ነው የምትናገረው? ሴት ዩኒት ሊደር አለች? የሥርዓተ ፆታ ክበብ አለን ካሏችሁ መቼ ነው የሚሰበሰበው በሉ። ቀኑን ከነገሯችሁ አለ ማለት ነው። 11ኛ ክፍል ላይ ተፈጥሮ ሳይንስ ከሚገቡት ስንቱ ሴት እንደሆነ ጠይቁ፤ ይሄንን ከቅይጡ ይልቅ የሴት ብቻ ትምህርት ቤት ላይ አጥብቃችሁ ጠይቁ፣ ኮምፒውተርና ላብራቶሪ ሳይኖረው "የሴቶች" በሚል ስም ብቻ የሚኖር አለና።

ክፍያውን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ስትልኩ ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው የወጪው ግማሽ እንኳ ላይሆን ይችላል። ዘመድ ቤት በነፃ አይደለም። ልጅቷ ትምህርት ጨርሳ ስትመጣ የምታጥበው ዕቃ አለ፣ የምትይዘው ሕፃን አለ፣ "እንግዲህ ታግዘን" ይባላል። አክስቷ ጥሩ ሰው ብትሆንም ይባላል።

እኛ ቤት እንዴት አለቀ? ነሐሴ ላይ ልጅቷን ቁጭ አድርጌ ጠየቅኳት። "የሴት ብቻ ትፈልጊያለሽ?" አልኳት። ትንሽ አሰበችና "ጓደኞቼ የሚገቡበትን እፈልጋለሁ" አለች። ከዚያ ደግሞ ቀስ ብላ "ግን መጀመሪያ ልየው" አለች። አብረን ሄድን። ዳይሬክተሩ ለኔ ሲያስረዳኝ እሷ ጥበቃውን ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቀችው። ገብታ ቆየች። ከውጭ ሆኜ መቀርቀሪያው ሲንቀጫቀጭ ሰማሁት፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ወጥታ "እሺ" አለች።

ቅይጥ ነው። አማቴ እስካሁን ቅር ብሏቸዋል፤ መስከረም ላይ ግን ዩኒፎርሙን ያሰፉላት እሳቸው ናቸው፣ ቀሚሱን ከነገርኳቸው አንድ ስንዝር አስረዝመው።